ባሕሩን ቅርጫ ያደረግኩበት ሳምንት

ከኮፍያው ውስጥ ያወጣሁት ወረቀት «ባሕር የሌላት አገር» ይላል። ክላሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በሶሻል ክፍላችን ግድግዳ ላይ ከሰሌዳው የሚሰፋ የውቅያኖስ ካርታ ተለጥፏል። ሰባት ተማሪዎች በዕጣ የደረሱንን ሰባት አገሮች ወክለን በዚያ ባሕር ሀብት ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልንደራደር ነው። ስድስቱ አገሮች ውሃውን ከበው ተቀምጠዋል። ሰባተኛዋ፣ የእኔዋ፣ ከተራራ ጀርባ ተሸጉጣ የማዕበሉን ድምፅ እንኳ አትሰማም።

«አንቺማ የሳምንት ዕረፍት ደረሰሽ፤ ቤትሽ ተኚ» አለኝ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ። እሱ ብዙ መርከብ ያላት አገር ደርሳው ደረቱን ነፍቷል።

«ካልጋሪ ተቀምጠህ ነው ባሕር የለሽም የምትለኝ?» አልኩት። «አንተስ ጠዋት መጋረጃህን ስትገልጥ ማዕበል ነው የምታየው?»

አሁንም ሳቁ። በዚህኛው ግን ከእኔ ጋር ነበር የሳቁት፤ ልዩነቱ በጣም ይታወቃል። ደግሞም እውነቴን ነው። እዚህ ከተማ ባሕር ማየት የፈለገ ሰው ተራሮቹን ተሻግሮ ቀኑን ሙሉ መንዳት አለበት። እኔ ደግሞ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። ባሕር በሌለበት መኖር ላይ ከእኔ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ያ ሳምንት ለእኔ ጨዋታ ያልሆነበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ካልጋሪ ባለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ አልበርታ ውስጥ፣ ሶሻል የምንለው የኅብረተሰብ ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው፤ ዳሽ ዋን እና ዳሽ ቱ ይባላሉ። ዳሽ ዋን ብዙ የሚጻፍበት፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፍተው ነው። ዳሽ ቱ ቀለል ይላል። እኔ አሥረኛ ክፍል ስገባ እንግሊዝኛዬ ገና ቀጭን ስለነበረ ዳሽ ቱ አስገቡኝ፤ ትክክል ነበሩ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛዬ ወፈረ፤ ማንም ግን መጥቶ አልመዘነውም። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በመስከረም ነው አንድ ቀን ስለ ባቡር ጣቢያ አንድ ገጽ ጽፌ ስጨርስ፣ እኔ ራሴ መልሼ መልሼ ያነበብኩት። አቤት ደስታዬ! ቃላቱ የፈለግኩበት ቦታ ሄደው ተቀምጠውልኛል። ከዚያ ወዲህ እጄን የሚያቆመው ጠፋ።

ታኅሣሥ ላይ ወደ አስተማሪያችን ጠረጴዛ ሄድኩ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እዚህ ላይ እኔ እጨምርላቸዋለሁ።

«ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ዳሽ ዋን መግባት እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። «ከገና ዕረፍት መልስ የባሕር ጉባኤ እናደርጋለን። የመጨረሻውን ስምምነት አንቺ ጻፊው። ሰባቱም አገሮች ከፈረሙበት፣ እኔም የአንቺን ፎርም እፈርማለሁ። አንድ አገር ከጎደለ ግን ስምምነት አይባልም፤ ፎርሙም ይቀራል።»

እንግዲህ ይሄው ነው። ሰባት ፊርማ እስከ ዓርብ።

ሰኞ ዕለት ክፍሉ ገበያ መሰለ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከዳርቻ እስከ ሁለት መቶ የባሕር ማይል ያለው ሀብት የባለ ዳርቻው አገር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የማንም አይደለም፤ ወይም የሁሉም ነው። ጠቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ውሃው ውስጥ ዓሣ አለ። ከታች ወለሉ ላይ ደግሞ ድንች የሚያክሉ፣ ለባትሪ የሚፈለጉ የብረት ጓሎች ተዘርግተዋል። አንዱ «የእኔ ዳርቻ ይረዝማል፤ ስለዚህ ብዙ ይገባኛል» ይላል። ሌላው «የእኔ ሕዝብ ይበዛል» ይላል። ባለ መርከቡ ልጅ «መጀመሪያ የደረሰ ይውሰድ፤ አለቀ» ይላል። እኔን ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በባቡር ወደ ሰፈሬ ወደ ዋይትሆርን ስመለስ ድንገት ሳቄ መጣ። ለካ ይህን ጭቅጭቅ አውቀዋለሁ! ከሁለት ቀን በፊት፣ የእኛ ገና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ሳቫና በሚባለው ሰፈር በአንድ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ስሰማው ነበር።

በየገናውና በየፋሲካው ስምንት ቤተሰብ ሆነን ቅርጫ እንገባለን። በሬው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ዘንድ ይታረድና በአራት ተከፍሎ ይመጣል። ጋራዡ ውስጥ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ በላስቲክ ይሸፈናል። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስለሆነ ፍሪጅ አያስፈልግም። የሚመድቡት አንድ ጋሼ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ አውቶቡስ ይነዳሉ፣ ቢላዋ ሲይዙ ግን ዳኛ ይሆናሉ። ለአንዱ ጉበት፣ ለአንዱ ጎድን ብሎ ነገር የለም። ጉበቱ ለስምንት፣ ጎድኑ ለስምንት፣ ጨጓራው ለስምንት ይቆረጣል፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ በየመደቡ ይገባል። ወንዶቹ በየዓመቱ «የካናዳ በሬ ሻኛ የለውም፤ ይሄ ደግሞ በሬ ነው?» እያሉ ያማርራሉ። ሴቶቹ «ጋሼ፣ ያኛው መደብ አልሳሳም?» ይላሉ። ጾም ስለሆነ ማንም አይቀምስም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሁሉም ዓይኑ እንዲህ የሚሰላው።

የእኔ ሥራ ዕጣ መጣል ነው። ወጥ ቤት ሆኜ ስጠብቅ ስምንቱ ሰዎች ኮፍያ ውስጥ አንድ አንድ ነገር ይጥላሉ፤ ቁልፍ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የጠርሙስ ክዳን። ከዚያ እጠራለሁ። የማን የማን እንደሆነ ሳላውቅ በየመደቡ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም የለም። እናቴ ብቻ «እጅሽ ለእናትሽ አይራራም» ትለኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት ይህን ሁሉ ለክፍሉ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ከዚያ የካርታውን ቅጂ በመቀስ ቆራርጬ ጠረጴዛው ላይ ሰባት መደብ ደረደርኩ። ጥልቁም፣ ጥልቅ ያልሆነውም፣ ዓሣ ያለበትም፣ ብረት ያለበትም ከሁሉም በየመደቡ አለ።

«ይሄ ማለት ሁላችንም ጉበት ይደርሰናል?» አለ ባለ መርከቡ ልጅ።

«ጉበትም፣ ጨጓራም።»

«ጨጓራውን ለእሱ ስጪው!» አለች አንዷ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስምምነቱን አነበብኩት፣ ወረቀቱ ዞረ፣ ፊርማው ይንጠባጠብ ጀመር። አራት። አምስት። የእኔን ጨምሮ ስድስት። አስተማሪያችን ከጥግ ሆነው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። በሆዴ ዳሽ ዋን ክላስ ገብቼ ወንበር መርጬ ተቀምጫለሁ።

ሰባተኛዋ ልጅ እስክሪብቶዋን አላነሳችም።

ይቺ ልጅ ብዙ አታወራም። ቤተሰቧ ከኒውፋውንድላንድ ነው የመጡት፤ ከዚህ በምሥራቅ በኩል አገሩ የሚያልቅበት፣ ሰው ሁሉ በዓሣ ይኖርበት የነበረ ደሴት። በዕጣው ደግሞ የዓሣ አጥማጆች አገር ደርሷታል።

«በሬሽ ሞቷል» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አይሄድም። የእኔ ዓሣ ግን ይዋኛል። ዛሬ እኔ መደብ ላይ ነው፣ ነገ አንቺ ጋ። እኔ የእኔን ድርሻ እወስዳለሁ፣ አንቺ የአንቺን፣ እሱ የሱን፤ ሁላችንም የወሰድነው ግን አንድ ዓሣ ከነልጆቹ ነው።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «አያቴ አጥማጅ ነበር። ስርቆት አልነበረም እኮ። ሁሉም ድርሻውን ብቻ ነው የወሰደው። አንድ ክረምት መረቡን ሲያወጣው ባዶ ነው። በስተርጅና ወደ አልበርታ መጥቶ ሌላ ሥራ ለመደ።»

ከፈረሙት ስድስቱ አንዱ ወረቀቱን መልሶ ስቦ ስሙን ሰረዘ። ሌላኛውም ሰረዘ። ደወሉ ሲደወል በእጄ የቀረው ብዙ ስርዝ ያለበት ወረቀት ነበር።

ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ባቡር ውስጥ ለራሴ «ምን አገባት!» ስል ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ወረወርኩ። ግን አንድ ነገር በጣም አስቸገረኝ፤ ልጅቷ ትክክል ናት። በሬው ገና አልታረደም። ቅርጫ የሚያምረው ከታረደ በኋላ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ መታረድ የለበትም። ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መደብ ሲመደብ ያየ ሰው ብቻ ነው።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ላይብረሪው መስኮት አጠገብ ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂኝ የኔ ልጅ። ሥጋው አነሰ እንዳትይኝ ብቻ።»

«አይደለም። በሬው ባይታረድስ?»

«እንዴት ባይታረድስ? በላነው እኮ!»

ሳቄ አላናግር አለኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ካርታውን፣ ሰባቱን አገር፣ የልጅቷን አያት። አውቶቡስ መለወጫው ላይ ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ሳይቸኩሉ ሰሙኝ።

«ታዲያ በሬ ምን ያደርግልሻል? ላም አድርጊዋ» አሉኝ።

«ላምስ ብትሆን?»

«ልጅ ሆኜ እናቴና ጎረቤቶቿ አንዳንድ ላም ነበረቻቸው። የአንድ ላም ወተት ለቅቤ አይበቃም። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ወተት ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል፣ የሚቀጥለው ሳምንት እነሱ ቤት ይሄዳል። ተራ ነው። ማንም የማንንም ላም አልቆረጠም።»

«ደብቆ አብዝቶ ያለበ ሰውስ?»

«ጥጃው ይናገርበታላ! ጥጃው ከሳ ማለት ሰውየው ከልክ በላይ አልቧል ማለት ነው። እኛ ቤት ጥጃው ሳይጠባ የላሟን ጡት የሚነካ የለም። መጀመሪያ ጥጃው፣ ከዚያ ሰው። ላሟ ስትነጥፍ ደግሞ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። በይ፣ ተሳፋሪ መጣ፤ ዘጋሁት።»

ከዚያ ተቀምጬ ጻፍኩ። እንደዚያን ቀን ጽፌ አላውቅም። የላይብረሪው ሠራተኛ መጥታ «ልንዘጋ ነው» እስክትለኝ ድረስ ቀና አላልኩም። መጀመሪያ ጥጃው፤ ዓሣው እንዲራባ ባሕሩ ውስጥ መቅረት ያለበት ይቆጠራል፣ ያ የማንም ድርሻ አይደለም። የተረፈው በተራ ይጠመዳል፤ ባሕር የሌላትም አገር ተራ አላት። ላሟ ስትነጥፍ፣ ማለትም ቆጠራው ዓሣው አንሷል ሲል፣ ትልቁም ትንሹም መርከብ ይቆማል። የወለሉ ብረት ግን አይዋኝም፤ እሱ ላይ ቅርጫዬን አልለቅም አልኩ። መቆፈር የፈለገ አገር ሁለት እኩል ቦታ መድቦ ያምጣ፤ ሌሎቹ አንዱን መርጠው ለጋራ ያስቀሩ። መዳቢው መራጭ አይሆንም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው አንድ መጽሐፍ ውስጥ እውነተኛውም የባሕር ሕግ ለጥልቁ ወለል የሚመስል መንገድ እንዳለው ያነበብኩት። ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ነገር ትልልቅ ሰዎችም ክራቫት አስረው ደርሰውበታል!

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ወረቀቱን ይዤ ወደ ኒውፋውንድላንዷ ልጅ ሄድኩ። ካፍቴሪያው ጥግ ብቻዋን ሳንድዊች እየበላች ነበር። ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ።

«በሬውን ላም አደረግኩት» አልኳት።

አነበበች። ስለ ጥጃው የሚለው ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አቆመች።

«ዓሣውን የሚቆጥረው ማነው?»

«ባለ መርከቦቹ አገሮች ናቸዋ። ባሕሩን የሚያውቁት እነሱ አይደሉም?»

«አይሆንም። ቆጣሪው ራሱ አጥማጅ ከሆነ ዓሣው ሁልጊዜ ብዙ ነው።» እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና የእኔን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው። እኔ ዓረፍተ ነገሬ ሲሰረዝ የምታመም ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አንገቴን አስግጌ ምን ልትጽፍ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ባሕር የሌላት አገር ትቁጠር» ብላ ጻፈች። «አንቺ መርከብ የለሽም። የምትዋሺበት ምክንያት የለሽም።»

ሰኞ የሳቁባት አገሬ ድንገት ሥራ አገኘች። ያን ልጅ ልስማት ምንም አልቀረኝም። በምትኩ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ቆሎ አወጣሁ። መጀመሪያ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳች በላችው፤ ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ ወሰደች። ደወሉ እስኪደወል ዓረፍተ ነገሮቹን አብረን አስተካከልናቸው። ሁለት ቦታ ተከራከርን። አንዱን እኔ አሸነፍኩ።

ዓርብ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ስድስት ፊርማ ነበረኝ። ዛሬ ደግሞ የጎደለው ባለ መርከቡ ልጅ ሆነ። እጁን አጣጥፎ ወንበሩን ወደ ኋላ ያወዛውዛል።

«ዓሣ አይታ የማታውቅ አገር የእኔን ዓሣ ልትቆጥር? ቀልድ ነው?» አለ።

አፌን ልከፍት ስል ኒውፋውንድላንዷ ልጅ ቀደመችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከመቀመጫዋ ተነስታ አታውቅም፤ ተነሳች። «ስንት መርከብ አለህ?»

«ከሁላችሁም የበለጠ።»

«ዓሣው ሲያልቅ እነዚያን ሁሉ መርከቦች ምን ታደርጋቸዋለህ?»

ወንበሩን ማወዛወዙን አቆመ። ካርታውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል።

«የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው?»

«በዕጣ ነው» አልኩት።

«ቢያንስ ለጥጃው እኔ ስም ላውጣለት።»

«አውጣለት፤ ብቻ ፈርም!»

ፈረመ። በጣም ትልቅ፣ በጣም አስቀያሚ ፊርማ ነበር፤ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ክፍሉ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ከሚቀጥለው ክፍል ግድግዳውን መቱብን።

ሁሉም ሲወጣ አስተማሪያችን ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ። «ከዚህ ውስጥ የአንቺ የቱ ነው?» አሉኝ።

ሁሉም የእኔ ነው ማለት እችል ነበር፤ ግን እንዲያ ብል ውሸት ነው። «ጥጃውና ተራው የአንድ ጋሼ ናቸው» አልኩ። «ቆጠራው የኒውፋውንድላንዷ ልጅ ነው። ቅርጫው የሁላችንም ነው፤ የቤተሰቦቼ። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን የእኔ ናቸው። ከእነሱ ሁለቱን ብቻ ከእሷ ጋር ነው የጻፍናቸው።»

«እኔም የጠየቅኩሽ ዓረፍተ ነገሮቹን ነበር» አሉና እስክሪብቶአቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ዳሽ ዋን የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉ፣ ከታች ፈረሙ። «አሁን የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት አድርሺው።»

እናቴ ወደ ከሰዓት ሺፍቷ ልትሄድ ስትል ኮል አደረግኩላት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጋ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ የሥራ ልብሷን ለብሳ ጠበቀችኝ። ፎርሙን መሪው ላይ ዘረጋሁላት። ወዲያው አልፈረመችም።

«ያነበብኩትን ነው የምፈርመው። ይሄ እንዴት ነው የመጣው? ያንን የጻፍሽውን አምጪው።»

«ታረፍጃለሽ እማዬ!»

«ላርፍድ። አንብቢልኝ።»

መኪናው ውስጥ፣ ማሞቂያው እየጮኸ፣ እንግሊዝኛውን በዓይኔ እያየሁ በአማርኛ አነበብኩላት። ጥጃው ጋ ስደርስ «እህ» አለች። ቆጠራው ጋ ስደርስ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን ወሰደችና በአማርኛ ፊደል፣ ቀስ ብላ፣ ሙሉ ስሟን ጻፈች። እማዬ ሁልጊዜ ጫር አድርጋ ነው የምትፈርመው፤ ያን ቀን ግን አንድም ፊደል አልዘለለችም።

«አዲሱ ክላስ ግን ሆምወርኩ ይበዛል?» አለችኝ ወረቀቱን እየሰጠችኝ።

«በጣም ይበዛል። በየሳምንቱ ድርሰት አለ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

ጥርሴን መክደን አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ፣ ጃኬቴን ሳልዘጋ፣ በበረዶው ላይ ወደ ቢሮው ሮጥኩ።